ሲሊንደሩ ስድስት የሆነው ለምንድን ነው?



በዚህ ጽሑፍ ስለ አሜሪካ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮችና ሞተሮቹ ስለተገጠሙባቸው ተሽከርካሪዎች ያጠናነውን እናቀርባለን። ከሁሉ አስቀድመን ግን ለጥናቱ ያነሣሣንን ምክንያት መግለጽ ይገባናል። ምክንያቱ ብዙም የሚያኮራን አይደለም።

ባለፈው የልምምድ ማስተማር ወቅት አራት ሆነን ለአንድ ክፍል ተመድበን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ስለ ሞተር አሠራር ሲያስተምር የቀረነው ሦስታችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን እንከታተላለን። ትምህርቱ ጥሩ እየሄደ ነበር። ሥዕሉ በሰሌዳው ላይ አምሮ ተሥሏል፤ ፒስተኑ፣ ቫልቮላው፣ ካንዴላው ሁሉም በየቦታው ስሙ ተጽፎለታል። በመጨረሻም ጓደኛችን «ሲሊንደር በበዛ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት ይበዛል፤ ባለ ስድስቱ ከባለ አራቱ የሚበልጠው ለዚህ ነው» ብሎ ሊዘጋ ሲል መስኮቱ ሥር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እሺ ጉልበት ከሆነ የተፈለገው አራቱን ማተለቅ አይቻልም ነበር? ስድስት ለምን ሆነ? አምስት ወይም ሰባት ለምን አልሆነም?»

ክፍሉ ዝም አለ። ጓደኛችን ወደ እኛ አየ፤ እኛም ወደ ደብተራችን አየን። ከዚያ «ይህ ከደረጃችሁ በላይ ነው፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከደረጃዋ በላይ አልነበረም፤ ከእኛ ዕውቀት በላይ ነበር። ሊገመግሙን መጥተው የነበሩት መምህራችንም ስለ ሥዕሉ ማማር ሆነ ስለ ድምፃችን መጉላት ምንም አላሉም። በግምገማው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፦ «የልጅቷ ጥያቄ የት ደረሰ?»

እነሆ የደረሰበትን እንጽፋለን።

1. ጋራዥ ውስጥ የለካነው ቁጥር

መጀመሪያ መጽሐፍ አገላበጥን። ያገኘነው መጽሐፍ ስለ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር «ርጋታ አለው» ይላል፤ ርጋታው ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። ስለዚህ ከሜክሲኮ አደባባይ ጀርባ ወደ ልደታ በሚወስደው በኩል ወዳለች አንዲት ትንሽ ጋራዥ ሄድን። ሰፈሩ ለእጅ ሙያ እንግዳ አይደለም። ብዙ መካኒክ ያወጣው ተግባረ ዕድ እዚሁ ነው፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ የሚያልፈው ቀላል ባቡርም አንዱን ጣቢያ በተግባረ ዕድ ስም ይጠራዋል።

ጋራዡ ውስጥ አንድ አሮጌ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር፣ ኤፍ ጄ 45 የሚባለው ረጅሙ፣ ቆሟል። ጋስኬቱ ተቃጥሎ ቴስታታው ስለወረደ ስድስቱ ጉድጓዶች እንደ ገበታ ቀዳዳ በአንድ መስመር ተደርድረው ይታያሉ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ የጃፓን ነው፤ እኛ የፈለግነው የአሜሪካ ሞተር ነበር» አልናቸው መካኒኩን።

ጋሼ ሳቁ። «ጃፓን የሠራው ነው፤ ልክ ናችሁ። አባቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ለኩት፤ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» ብለው ካሊፐር በእጃችን ሰጡን።

ክራንክሻፍቱን በእጅ እያዞርን አንዱ ፒስተን ከላይ ጫፍ ሲደርስና ከታች ጫፍ ሲደርስ ጥልቀቱን ለካን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የፒስተኑ ምት ይባላል። እኛ ያገኘነው 101 ከግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ደግሞ 101.6 ይላል። «ስፋቱን ተዉት» አሉን ጋሼ፤ «ሲሊንደር ይበላል፣ ሲበላም ይቦረቦርና ይሰፋል። ምቱን የሚወስነው የክራንክሻፍቱ ቅርጽ ስለሆነ እሱ አይለወጥም።»

ታዲያ 101.6 ምን ዓይነት ቁጥር ነው? በሜትር የሚሠራ መሐንዲስ 100 ወይም 105 ቢል ይቀለው አልነበረም? አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። 101.6ን ለ25.4 ስናካፍለው የሚወጣው 4 ነው፤ ትርፍ የለውም። ምቱ አራት ኢንች ሆነ ማለት ነው። በሜትር በሚለካ አገር በተሠራ ሞተር ውስጥ በኢንች የሚለካ አገር ቁጥር ተቀምጧል።

2. ከሸቭሮሌ እስከ ላንድ ክሩዘር

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተራው ሰው የሚገዛው መኪና በአብዛኛው ባለ አራት ሲሊንደር ነበር። ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 የሠራው ሞዴል ቲ፣ እሱን የተካውም ሞዴል ኤ አራት አራት ሲሊንደር ነበራቸው። ስድስት ሲሊንደር ደኅና ገንዘብ ያለው ሰው የሚነዳው ነበር። ሸቭሮሌ በ1929 ሞዴሉ ይህን ልማድ አፈረሰ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና በባለ አራቱ ዋጋ አካባቢ ለገበያ አቀረበ።

እዚህ ላይ አንባቢ የሁለቱን መጠን ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። የፎርድ ሞዴል ኤ አራት ሲሊንደሮች በድምሩ 3.3 ሊትር ያህል ይይዛሉ፤ ጉልበቱ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። የሸቭሮሌው ስድስት ሲሊንደሮች በድምሩ 3.2 ሊትር ያህል ይይዛሉ፤ ጉልበቱ 46 ነበር። ስለዚህ ሞተሩ አልተለቀም፤ እንዲያውም በጥቂቱ አንሷል። የጉልበቱ ልዩነት 6 ብቻ ነው፤ ለዚያም ቢሆን የሸቭሮሌው ቫልቮላዎች እንደ ፎርዱ ከጎን ሳይሆን ከላይ መሆናቸው የራሱ ድርሻ አለው። ያንኑ ያህል ይዘት ለስድስት ማካፈል የተፈለገው እንግዲህ በጉልበት ብቻ አይገለጽም። ክፍል ውስጥ የተናገርነው ዐረፍተ ነገር የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

ይህ የሸቭሮሌ ሞተር ቀላልና ጠንካራ ስለነበረ በየጊዜው እየተሻሻለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሠራበት። አሜሪካኖች «የምድጃ ብሎን» የሚል ቅጽል አውጥተውለት ነበር፤ ብሎኖቹ የብረት ምድጃ ብሎን ይመስላሉ በማለት ነው።

በ1933 በጃፓን በኪኢቺሮ ቶዮዳ የሚመራ ቡድን የዚያን ዓመት ሸቭሮሌ ገዝቶ ፈታታው። እያንዳንዱን ዕቃ ለካ፣ ሣለ፣ ብረቱንም ማቅለጥና ማፍሰስ ተማረ። በ1934 «ዓይነት ኤ» የተባለው የመጀመሪያው የቶዮታ የመኪና ሞተር ተሠራ። ይዘቱ 3,389 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 84.1 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 101.6 ሚሊ ሜትር ነበር። ሞተሩ በ1935 በጂ 1 የጭነት መኪና፣ በ1936 ደግሞ በኤ ኤ የቤት መኪና ላይ ተገጠመ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1951 ቶዮታ ቢ ጄ የተባለውን ጂፕ መሰል መኪና ሲሠራ ያስገባበት «ዓይነት ቢ» ሞተር የዚሁ ቤተሰብ ነው። መኪናው ላንድ ክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። ከዚያ ሲሊንደሩ 90 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው «ኤፍ» ሞተር መጣ፤ በ1975 ደግሞ 94 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው «2 ኤፍ» ተከተለው። ጋራዡ ውስጥ የለካነው ይህ 2 ኤፍ ነው። ስፋቱ ከ84 ወደ 90፣ ከ90 ወደ 94 ሲያድግ ምቱ በ101.6 ሚሊ ሜትር ቆመ። በ1933 ሸቭሮሌ ላይ የነበረው አራት ኢንች ከአርባ ዓመት በኋላም ላንድ ክሩዘር ውስጥ ነበር።

የሒሳብ መምህራን ይህን ለክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ስፋቱ 9.4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግማሹ 4.7 ነው። ስለዚህ 3.1416 × 4.7 × 4.7 × 10.16 × 6 ሲባዛ 4,230 ይሆናል። ይህም የ2 ኤፍ ሞተር ሲሲ ነው። ሹፌር «አርባ ሁለት ሲሲ» ብሎ የሚጠራው ቁጥር በክበብ ስፋት ቀመር ይገኛል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ላንድ ክሩዘር ሸቭሮሌ ነው እያልን አይደለም። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይገጥምም፤ ጃፓኖቹም የራሳቸውን ብዙ ነገር ጨምረውበታል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመጣው 3 ኤፍ ምቱን ወደ 95 ሚሊ ሜትር ሲያሳጥረው አራት ኢንቹ ቀረ። ከ1990 ጀምሮ የመጣውና በአገራችን የገጠር መንገድ በደንብ የሚታወቀው የናፍጣ ሞተር፣ 1 ኤች ዜድ፣ ምቱ ድፍን 100 ሚሊ ሜትር ነው። ኢንቹ ጠፋ፤ ስድስቱ ሲሊንደር ግን ቆየ። እንግዲህ የስድስትን ምክንያት ስንፈልግ ከአገርና ከመለኪያ በላይ የሆነ ነገር መፈለግ እንዳለብን ገባን።

3. ሌሎቹ የአሜሪካ ስድስቶች

ወደ ምክንያቱ ከመግባታችን በፊት ዋና ዋናዎቹን ባጭሩ እናስተዋውቅ።

ሀ. ጂ ኤም ሲ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ500,000 በላይ የተሠራው ባለ ሁለት ተኩል ቶን የጦር ካሚዮን 4.4 ሊትር የሚይዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነበረው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር ዋናው የጭነት መኪና ይኸው ባለ ሁለት ተኩል ቶን ስለነበረ፣ ወታደሮቻችን በዚያ ተራራ ላይ ድምፁን ሳይሰሙ የዋሉበት ቀን ብዙ አይመስለንም።

ለ. ሸቭሮሌ ኮርቬት። ዛሬ በፍጥነቱ የሚታወቀው ይህ መኪና በ1953 ሲጀመር የተገጠመለት 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር። በዚያ ዓመት የተሠሩት 300 ብቻ ናቸው።

ሐ. ክራይስለር። ለ1960 ሞዴል ያወጣው ሞተር በ30 ዲግሪ ወደ ጎን ያዘነበለ ነው። ማዘንበሉ ለውበት አልነበረም፤ የሞተሩን ቁመት ቀንሶ ኮፈኑን ዝቅ ለማድረግና ለአየር ማስገቢያው ቱቦ ቦታ ለማግኘት ነው። በፕሊማውዝ ቫሊያንትና በዶጅ ዳርት ላይ ተገጥሞ በጥንካሬው ስም አተረፈ።

መ. ፎርድ። ከ1965 እስከ 1996 በጭነት መኪኖቹ ላይ የዋለው 4.9 ሊትር ሞተር ካምሻፍቱን የሚያዞረው በሰንሰለት ሳይሆን በጥርስ ነው። ክራንክሻፍቱም በሰባት ብሮንዚና ላይ ይቀመጣል፤ በየሁለቱ ሲሊንደር መካከል አንድ፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ማለት ነው።

ሠ. ጂፕ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ የሆነው ዊሊስ ጂፕ ባለ አራት ሲሊንደር እንጂ ባለ ስድስት አልነበረም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል። የጂፕ ባለ 4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር የመጣው በ1986 ሲሆን እስከ 2006 ቆይቷል።

በአገራችን «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው ፊያት 682 ኤን 3 የጣልያን ሥራ ነው፤ የሚነዳውም በናፍጣ ነው። ነገር ግን እሱም ከ10 ሊትር በላይ የሚይዝ ስድስት ሲሊንደር በመስመር ነበረው። ያባቶቻችንን እህልና ጨው ያመላለሰው ኤንትሬና የአሜሪካው የቤት መኪና በዚህ ቁጥር ይገናኛሉ።

4. የመጀመሪያው መልስ፦ አንድ መቶ ሃያ ዲግሪ

ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ፒስተን አራት ሥራ ይሠራል፦ መሳብ፣ ማመቅ፣ ጉልበት መስጠት፣ ማስወጣት። አራቱን ለመጨረስ ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ወይም 720 ዲግሪ ይዞራል። ከአራቱ ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢበዛ ግማሽ ዙር፣ 180 ዲግሪ ነው።

720ን ለአራት ሲሊንደር ስናካፍል 180 ይሆናል። የአንዱ ጉልበት ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል። በተግባር ግን የማስወጫው ቫልቮላ ፒስተኑ ታች ሳይደርስ ስለሚከፈት፣ ማንም የማይገፋበት ትንሽ ጊዜ ይፈጠራል። 720ን ለስድስት ስናካፍል 120 ነው። እዚህ ላይ የአንዱ ጉልበት ሳያልቅ የሚቀጥለው ይጀምራል። በአንድ ሙቀጫ ሦስት ሰው ተራ በተራ ሲወቅጥ ዘነዘና ያልወረደበት ጊዜ እንደማይገኝ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር መንቀጥቀጥ ነው። ፒስተን ሲወርድና ሲወጣ ፍጥነቱ እኩል አይደለም። ምክንያቱም ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ መካኒኮች ቢዬላ የሚሉት፣ ወደ ጎን ሲያዘነብል ፒስተኑን ተጨማሪ ወደ ታች ይስበዋል። ምሳሌ እንውሰድ። ምቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ ቢዬላው 175 ሚሊ ሜትር ይሁን። ክራንክሻፍቱ ከላይ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ሩብ ዙር ሲዞር ፒስተኑ 57.3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በሁለተኛው ሩብ ዙር የሚወርደው ግን 42.7 ብቻ ነው። በፓይታጎራስ ሕግ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል።

አሁን አራት ሲሊንደር እንመልከት። ሁለቱ ላይ ሲሆኑ ሁለቱ ታች ናቸው፤ ስለዚህ ከላይኛው ጫፍ ያላቸው አማካይ ርቀት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከሩብ ዙር በኋላ አራቱም 57.3 ላይ ይገናኛሉ። አማካዩ በ7.3 ሚሊ ሜትር ወረደ ማለት ነው። በሚቀጥለው ሩብ ዙር ተመልሶ 50 ይሆናል። ይህ መውረድና መውጣት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይደገማል። በደቂቃ 2,000 ዙር ለሚዞር ሞተር 4,000 ጊዜ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር መሪ ላይ እስኪሰማ ድረስ የሚያንቀጠቅጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስድስት ሲሊንደር ላይ ፒስተኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፦ 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4። ሦስቱ ጥንዶች በ120 ዲግሪ ይራራቃሉ። አንደኛው ጥንድ ላይ ሲሆን ርቀቱ 0 ነው፤ የሌሎቹ ሁለት ጥንዶች 80.4፣ 80.4 ይሆናል። አማካዩ 53.6። ከሩብ ዙር በኋላ ሦስቱ ጥንዶች 57.3፣ 95.1 እና 8.5 ላይ ይገኛሉ። ደምረን ለሦስት ስናካፍል አሁንም 53.6! እኛ ይህን ስናሰላ መጀመሪያ የተሳሳትን መስሎን ደግመን ሠራነው። ሁሉም ፒስተን ይንቀሳቀሳል፤ አማካያቸው ግን በመለኪያ የሚታይ ያህል ንቅንቅ አይልም። መጽሐፉ «ርጋታ» ብሎ ያለፈው ነገር ይህ ነው።

5. ሁለተኛው ጥያቄ

ይህን ይዘን ወደዚያው ክፍል ተመለስን። የልምምዱ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። መጀመሪያ «ባለፈው ከደረጃችሁ በላይ ነው ያልነው ስላላወቅን ነው» ብለን ተናገርን። ሳቅ ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር፤ የሳቀ የለም። ከዚያ ቁጥሮቹን በሰሌዳ ላይ ጻፍን። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አዳምጣ እንደገና እጇን አወጣች።

«እንግዲያው ሦስት ሲሊንደር ብቻ አይበቃም? እሱም እኮ መቶ ሃያ ነው።»

ሊቀበሉት የሚያስቸግር ጥያቄ ነው፤ ትክክል ናትና። የሦስት ፒስተኖችም አማካይ ያው 53.6 ነው። በዚህ ጊዜ ጓደኛችን ወደ እኛ አላየም። «አላውቅም፤ ነገ ይዤ እመጣለሁ» አለ። ዋናውን ነገር የተማርነው ምናልባት በዚህች ዐረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ያመጣነው መልስ እንዲህ ይላል። ሦስት ፒስተኖች በድምር ቢመጣጠኑም የቆሙበት ቦታ የተለያየ ነው። የፊተኛው ወደ ላይ ሲገፋ የኋለኛው ወደ ታች የሚገፋበት ጊዜ ይመጣል። ሞተሩ ባለበት አይዘልም፤ ግን እንደ ሚዛን ዘንግ አንዴ በፊት አንዴ በኋላ ይነሣል። አምስትም ሰባትም ያው ችግር አለባቸው፤ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ግማሹን ለግማሹ ማመሳሰል አይቻልምና። ሦስቱን ወስደን ተቃራኒ ቅጂያቸውን ከኋላ ስንቀጥል ግን 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4 እኩል ይሄዳሉ። የፊተኛው ጫፍ የሚያደርገውን የኋለኛውም ያደርጋል፤ ስለዚህ መወዛወዙ ይጠፋል። በመስመር ለሚቆም ባለ አራት ምት ሞተር ይህ ሁሉ የሚሟላበት ትንሹ ቁጥር ስድስት ነው። ስምንትም ይሆናል፤ ድሮ ተሠርቷልም። ነገር ግን ክራንክሻፍቱ እየረዘመ በሄደ ቁጥር መጠማዘዝ ይጀምራል።

የስድስትም ጉድለት ርዝመቱ ነው። መኪኖች የፊት ጎማ እየነዱ፣ ሞተራቸው በአግድም እየተቀመጠ ሲመጣ ረጅሙ ሞተር አልገባ አለ። ስለዚህ ሦስት ሦስት ሆኖ በሁለት ረድፍ የሚቆመው ቪ 6 ብዙውን ቦታ ወሰደ። እሱ አጭር ነው፤ ከላይ ያየነው ሙሉ ሚዛን ግን በተፈጥሮው የለውም። በ2022 ጂፕ በትልልቅ መኪኖቹ ላይ አዲስ ባለ 3 ሊትር ስድስት ሲሊንደር በመስመር መግጠም መጀመሩም የሚያሳየው ሒሳቡ እንዳላረጀ ነው።

6. ለክፍል የሚሆን መርጃ

ሞተር ፈትቶ ክፍል ማስገባት አይቻልም፤ የሚከተሉት ግን ያለ ወጪ ይሠራሉ።

ሀ. ከካርቶን 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ቁረጡ። ጠርዙ ላይ በ120 ዲግሪ የሚራራቁ ሦስት ነጥቦች አድርጉ። ክቡን በእርሳስ መሐሉ ላይ ውጉና ከአግድም መስመር በላይ ወይም በታች የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት በማስመሪያ ለኩ። አንዱ 50 ሚሊ ሜትር ከላይ ሲሆን ሁለቱ 25፣ 25 ከታች ናቸው። ድምሩ ዜሮ ነው። ክቡን እንደፈለጋችሁ አዙሩት፤ ድምሩ ሁልጊዜ ዜሮ ይሆናል።

ለ. የማስመሪያን መሐል በጣት ደግፋችሁ ተማሪ አንዱን ጫፍ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች እንዲገፋ አድርጉ። ይህ ሦስት ሲሊንደር ነው። ሁለቱን ጫፍ እኩል ሲጫኑት ስድስት ይሆናል።

ሐ. ካንዴላዎቹ የሚያቀጣጥሉበትን ተራ በሰሌዳ ጻፉ፦ 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ጋር አጣምሩ፦ 1 እና 6፣ 5 እና 2፣ 3 እና 4። እያንዳንዱ ጥንድ ሲደመር 7 ነው። አብረው የሚወጡና የሚወርዱት ፒስተኖች እነዚህ ናቸው። መካኒኩ ተራውን በቃሉ ይዞታል፤ ተማሪያችን ደግሞ ለምን እንደሆነ ይያዘው።

7. ማጠቃለያ

ጽሑፋችንን ያየ አንድ ሠልጣኝ «በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ወስኗል፤ እናንተ ስለ አሮጌ ቤንዚን ሞተር ትጽፋላችሁ» ብሎን ነበር። አግባብ ያለው ትችት ነው። መልሳችን ግን የካርቶኑ ክብ ላይ አለ። ወደ ፋብሪካና ወደ ትልልቅ ሕንፃዎች የሚገባው ኤሌክትሪክ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ሦስቱ ሽቦዎች የሚሸከሙት ኃይል በ120 ዲግሪ ይራራቃል፤ ጭነቱ እኩል ከሆነ ሦስቱ ጅረቶች በማንኛውም ቅጽበት ሲደመሩ ዜሮ ናቸው። የዛሬዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችና ባቡሮች ሞተሮችም በአብዛኛው በዚሁ በሦስት ፌዝ ይዞራሉ። 50፣ ከዜሮ በታች 25፣ ከዜሮ በታች 25 ብለን የለካነው ክብ ለፒስተኑም ለሽቦውም ያው ነው። ቤንዚኑ ቢቀር ትምህርቱ አይቀርም።

ሁላችንም በቅርቡ ወደየተመደብንበት እንሄዳለን። ብዙዎቻችን የምንደርስበት ቦታ ቤተ ሙከራ ላይኖረው ይችላል። አሮጌ ላንድ ክሩዘር ወይም የእህል ወፍጮ ሞተርና እሱን የሚጠግን ሰው ግን አይጠፋም። ካሊፐር ባይኖር ማስመሪያ ይበቃል። ጥያቄ የሚያነሣ ተማሪ ሲገጥመን «ከደረጃህ በላይ ነው» ከማለታችን በፊት ከማን ደረጃ በላይ እንደሆነ እንጠይቅ።

በስሌታችን ላይ ስሕተት ያገኘ፣ ወይም ሌላ ጥያቄ ያለው አንባቢ ከዚህ ወረቀት ሥር በተተወው ባዶ ቦታ በእርሳስ ይጻፍልን። የት እንደደረሰ በሚቀጥለው እትም እንመልሳለን።